መኪናዬን ማት ጥቁር ቀባኋት፤ ጣሪያዋን ግን ወደ ነጭ መለስኩት

አሮጌዋን ፒክአፕ ላንድክሩዘሬን ከነጭ ወደ ማት ጥቁር ያስቀየርኳት አምና በኅዳር ወር ነበር። ማት የምንለው የማያብለጨልጨውን፣ እንደ ከሰል ደብዘዝ ብሎ የሚታየውን ቀለም ነው። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር ለማድረግ ያሰቡ ሰዎች ደሴም ኮምቦልቻም ላይ እያስቆሙ «እንዴት ነው፣ አይሞቅም?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ለእያንዳንዱ መንገድ ዳር ቆሜ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በደንብ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። አጭሩ መልስ «ይሞቃል» የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን ቀለሙ የት ላይ እንደተቀባ የሚመለከት ሲሆን፣ ያንን ለማወቅ እኔ ሁለት ጊዜ ለቀቢ ከፍያለሁ።

የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ እንጀራዬ ያለው ግን ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ በደጋን፣ በገርባና በባቲ አድርጎ አፋር ውስጥ ወዳለችው ሚሌ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ሥራዬ የፀሐይ ፓነልና የውሃ ፓምፕ መግጠም በመሆኑ፣ ከአስፋልቱ ወጥቼ በአሸዋና በደረቅ ወንዝ ውስጥ የምነዳበት ቀን አስፋልት ላይ ከምነዳበት ይበልጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ የምናገኛት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሚሌ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ ከቤቴ ደጃፍ እስከ ሚሌ ድረስ የከፍታው ልዩነት ብቻ 13 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጠዋት ጋቢ ደርቤ የማስነሳትን መኪና እኩለ ቀን ላይ መሪዋን በጨርቅ ይዤ ነው የምነዳት። እንግዲህ «ሞቃት አገር» ስል የምኖርበትን ሳይሆን የምሠራበትን ማለቴ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ከዚህ በታች ከምጽፈው ግማሹ አይነካውም።

መኪናዋ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው የ70 ተከታታይ ወገን ናት፤ ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አላት፤ ኤሲ የሚባል ነገር ግን ከመጀመሪያውም አልተገጠመላትም። እንደ አብዛኞቹ እኅቶቿ ነጭ ነበረች። ነጭ ላንድክሩዘር በእኛ አገር የመንግሥት ወይም የእርዳታ ድርጅት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ገጠር በገባሁ ቁጥር የእህል እርዳታ መዝጋቢ መስያቸው የቤተሰባቸውን ቁጥር የሚነግሩኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። «አባባ፣ እኔ ፓምፕ ገጣሚ ነኝ» ብዬ ስመልስላቸው ፊታቸው ላይ የማየው ቅሬታ ከብዶኝ ነበር ቀለሙን ለመቀየር መጀመሪያ ያሰብኩት። ጥቁር እንዲሆን፣ ያውም ማት እንዲሆን የጎተጎተኝ ግን የእህቴ ልጅ ነው፤ አብሮኝ ይሠራል፣ ስልኩም በረሃ ውስጥ በቆሙ ጥቁር መኪናዎች ፎቶ የተሞላ ነው። «አጎቴ፣ ማት ብትሆን እኮ አቧራም አይታይባት፣ ጭረትም አይታይባት» አለኝ። ሁለቱም ስሕተት እንደሆኑ ያወቅነው በኋላ ነው።

ሥራውን ለኮምቦልቻ ጋራዥ ሰጠሁ። ደሴ ያላሠራሁበት ምክንያት አየሩ ነው፤ ቀለም በብርድና በጭጋግ ውስጥ ተረጭቶ በቅጡ አይደርቅም፣ ኮምቦልቻ ግን በኅዳር ደረቅና ሞቅ ያለ ነው። ባትላሜራው የተጎዳጎዱትን በሮችና ስፖንዳውን፣ ማለትም የጭነት ቦታዋን ግድግዳ፣ አቃና፤ ጎድጓዳው በስቱኮ ተሞላ፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፈተገ፤ ዝገት የሚከላከለው አንቲሩጂን ተቀባ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ እንከን አልነበረውም፤ ዛሬም ከሥሩ ብቅ ያለ ዝገት የለም። ቀቢው በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሰው ናቸው፤ ስለ ማቱ ስጠይቃቸው «አብሽር ልጄ፣ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ፖሊሽ የለው፣ ምን የለው» አሉኝ። እኔም በሳምንቱ መጨረሻ ባቲ ቀጠሮ ስለነበረኝ እንዲያፋጥኑልኝ ጨቀጨቅኋቸው። የመጨረሻው ቀለም የተረጨው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ መኪናዋ ግማሽ አካሏ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ቆማ ሳለች ነበር።

ማት ግን ቀላል ቀለም አይደለም። አንድ ቀለም የሚያብለጨልጨው ሲደርቅ ገጹ እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልሰው ነው። ማቱ ውስጥ በጣም ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት አለበት፤ ቀለሙ የተበጠበጠበት ማቅጠኛ፣ ቲነሩ፣ ተንኖ ቀለሙ ሲሟሽሽ የዱቄቱ ቅንጣቶች ጫፋቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ገጹ ዓይን የማይለየው ሸካራ ይሆናል፣ ብርሃኑም በየአቅጣጫው ይበተናል። የድብዛዜው መጠን እንግዲህ ቀለሙ ምን ያህል ወፍሮ እንዳረፈና ቲነሩ በምን ፍጥነት እንደተነነ ይወሰናል። በጋለ ላሜራ ላይ ሲረጭ ከፊሉ ጠብታ ገና አየር ላይ ሳለ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል፤ በጥላው በኩል ያለው ደግሞ ረጥቦ ስለሚቆይ ተንጣሎ ይለሰልሳል። ውጤቱ በግራ በሯ ላይ አግድም፣ አንዱ ደመቅ አንዱ ፈዘዝ ያለ መስመር ሆኖ ወጣ፤ የእህቴ ልጅ «የሜዳ አህያ» ብሎ ስም አወጣላት። የሚያብለጨልጭ ቀለም ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው እንከን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በፖሊሽ ይስተካከል ነበር፤ ማት ላይ ግን ፖሊሽ ማድረግ ማትነቱን ራሱን ማጥፋት ነው። ያለው አማራጭ ያንን በር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና መርጨት ብቻ ነው። ቀቢው በሌላ ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ቀስ ብሎ በሚተን ቲነር በጥብጠው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደገሙልኝ፤ ጥፋቱ የሁለታችንም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ደሴ ይዣት ስገባ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ከደጃፋቸው ብቅ ብለው፣ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ?» አሉኝ። ስቄ አለፍኩት። እስከ ጥር ድረስ ሥራችን ደሴ ዙሪያ ስለነበር ስለ ሙቀቱ የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም፤ እንዲያውም ከጦሳ ተራራ በኩል በሚወርደው የጠዋት ብርድ፣ ፀሐይ ትንሽ ነክታት የቆመች ጥቁር መኪና ውስጥ መግባት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነበር።

በየካቲት መጨረሻ ሚሌ አካባቢ ለአንድ የውሃ ጉድጓድ ፓነል ልንገጥም ወረድን። መኪናዋን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ አቁመን ሥራችንን ቀጠልን። 7 ሰዓት ሲሆን መፍቻ ላወጣ ስሄድ የበሩን እጀታ በባዶ እጄ ያዝኩና ለቀቅኩት። ከዚያ የማወቅ ጉጉት ይዞኝ መዳፌን ጣሪያው ላይ አሳረፍኩ፤ አንድ ብዬ ሁለት ሳልል እጄን አነሳሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ረስቼው የነበረው የኤሌክትሪክ ቴፕ ሙጫው ቀልጦ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጣብቋል። ዕቃ ጭነን ስንነሳ ግን ከሁሉ የከበደን ከላይ የሚመጣው ሙቀት ነበር። በዚህች ጋቢና ውስጥ ራሴ ከጣሪያው የሚርቀው ከአንድ ስንዝር ብዙም ባልበለጠ ነው፤ መስኮቱን ከፍተን ነፋስ ፊታችንን እየመታን እንኳ አናታችን ላይ የሚወርደው ሙቀት አልቀነሰም። የእህቴ ልጅ ሻሹን በውሃ ነክሮ አናቱ ላይ አድርጎ፣ «አጎቴ፣ እንጀራ ብሆን እስካሁን ዓይን አውጥቼ ነበር» አለኝ። እውነትም አክንባሎ የተደፋብን ያህል ነበር።

ያሳፈረኝ ግን ይህን አስቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ መሆኑ ነው። ፓነል ስሸጥ ለገዢው የምናገረው የመጀመሪያው ቁጥር፣ ሰማዩ በጠራበት እኩለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ቦታ 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ይቀበላል የሚለው ነው፤ የፓነሎች የፋብሪካ መለኪያም ይኸው ነው። ፓነል በጋለ ቁጥር ኃይሉ እንደሚቀንስ፣ ስለዚህም ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ሆኖ መገጠም እንዳለበት ስለፈልፍ እውላለሁ። ይህንኑ ስሌት ከራሴ አናት በላይ ላለው ላሜራ ግን አላሰብኩትም። ጥቁር ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል 95 በመቶ ያህሉን ይውጣል፤ ነጭ የመኪና ቀለም የሚውጠው ሩቡን ወይም ከሩቡ ጥቂት የሚበልጠውን ነው። የጋቢናዬ ጣሪያ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ልዩነቱ እንግዲህ ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል፤ ነጩን ጥቁር ሳስደርግ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሼ ጣሪያው ላይ እንዳስቀመጥኩ ነው የሚቆጠረው። ከዚህ ሙቀት አብዛኛው በነፋስና በጨረር ወደ ውጭ እንደሚመለስ አልክድም፤ የቀረው ግን ለእኛ ከበቂ በላይ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥፋቱን በማቱ ላይ ሲያደርግ ነው። «የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቢሆን ብርሃኑን ስለሚመልስ ይቀዘቅዝ ነበር» ይሉኛል። አይደለም። የሚያብለጨልጭ ጥቁር መኪና ላይ እንደ መስታወት ሆኖ የምናየው ነጸብራቅ ፀሐይ ከላይ ስትመታው ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ማቱም ያንኑ የሚያህል ይመልሳል፣ ነገር ግን በትኖ ስለሚመልሰው ዓይናችን አያስተውለውም። የቀረውን ሁለቱም እኩል ይውጡታል። ብልጭታ ከቅዝቃዜ ጋር ዝምድና እንደሌለው ለማየት ኮምቦልቻ ላይ በግንቦት አዲስ ቆርቆሮ የተመታበት፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል፤ ያ ቆርቆሮ ዓይን እስኪያጠፋ ድረስ ያብለጨልጫል፣ ነገር ግን አንዴ የወሰደውን ሙቀት በጨረር መልሶ ማስወጣት ስለማይሆንለት ይግላል። ነጭ ቀለም ግን ትንሽ ይወስዳል፣ የወሰደውንም ቶሎ ይለቃል። ከፀሐይ ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ዓይን የማያየው፣ ከቀይ ብርሃን ባሻገር ያለው ጨረር ነው፤ ተራው ጥቁር ቀለም ከካርቦን ስለሚሠራ የሚታየውንም የማይታየውንም አይምርም። የማይታየውን ክፍል ብቻ እየመለሱ ለዓይን ጥቁር የሚሆኑ ቀለሞች በዓለም ላይ አሉ፤ እኔ በጠየቅኋቸው ሱቆች ግን ስማቸውን የሰማ አላገኘሁም።

ሌላም ላለማጋነን መጻፍ ያለብኝ ነገር አለ። በአሜሪካ የሚገኘው የላውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መኪናዎችን፣ አንዱን ጥቁር ሌላውን ብርማ፣ ፀሐይ ላይ አቁመው ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። የብርማው ጣሪያ ከጥቁሩ እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በውስጣቸው ያለው አየር ግን የተለያየው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ነው። በጣሪያውና በአየሩ መካከል ያለው ይህ ሰፊ ርቀት የሚመጣው ወደ መኪና ውስጥ የሚገባው ሙቀት አብዛኛው በመስታወት በኩል ስለሆነ ነው። መኪናው ነጭም ሆነ ጥቁር የፊት መስታወቱን በካርቶን ሳይሸፍን ፀሐይ ላይ የሚያቆም ሰው ስለ ቀለም ከመጨነቁ በፊት ካርቶን ይፈልግ። የእኔ ነገር የከፋው መኪናዬ ፒክአፕ በመሆኗ ነው፤ ጋቢናዋ ጠባብ፣ ጣሪያዋ ለአናት ቅርብ፣ ከሥሩ ያለው ልባስ ደግሞ ስስ ነው። በዚያ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ነፋሱ ጣሪያውን ያቀዘቅዘዋል፤ አሸዋ ውስጥ በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቁ ሲሄዱ ግን ይህ እፎይታ የለም።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ታዲያ የበረሃ ሰዎች ለምን ጥቁር ይለብሳሉ?» ብሎ ሞገተኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። በሲና በረሃ የሚኖሩ ቤዱዊኖች በሚለብሱት ጥቁር ቀሚስ ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት ጥቁሩ ጨርቅ ከነጩ ይልቅ ቢግልም ወደ ሰውነት የሚደርሰው ሙቀት ግን እኩል መሆኑን አሳይቷል፤ ቀሚሱ ሰፊ በመሆኑ ጨርቁ የሰበሰበው ሙቀት በጨርቁና በገላው መካከል በሚያልፈው አየር ተጠርጎ ይወጣል። እኔ ለፓነል ደንበኞቼ የምነግረው ነገር ይኸው አይደለም እንዴ? የእንግሊዞቹ ላንድሮቨር ለሞቃት አገሮች ይሠራ የነበረው ባለ ሁለት ድርብ ጣሪያም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ከዋናው ጣሪያ በላይ ሌላ ላሜራ ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ ፀሐይዋን እሱ ይቀበላል፣ በመካከላቸው ነፋስ ያልፋል። የእኔ ጣሪያ ግን ገላ ላይ የተለጠፈ ጠባብ ሸሚዝ ነው።

ድርብ ጣሪያ ለማሠራት አሰብኩና ተውኩት፤ በባቲ ቁልቁለት ላይ ከፍ ያለ ነገር መጨመር አልፈለግሁም፣ ዋጋውም ከቀለም ይበልጣል። ስለዚህ በመጋቢት ወደዚያው ቀቢ ተመልሼ ጣሪያውን ብቻ ነጭ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኋቸው። አልሳቁብኝም፤ «መጀመሪያውኑ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉኝ እንጂ። እውነታቸውን ነው፣ አልጠየቅኋቸውም። የዚህች መኪና ጣሪያ ዙሪያውን የዝናብ ማፍሰሻ ጠርዝ ስላለው ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ከፋብሪካ የተሰጠ ነው፤ ጠርዙን ተከትለው በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈኑ፣ ማቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው አነሱ፣ ከዚያም በሃርድነር፣ በማጠንከሪያው፣ የሚበጠበጠውን የሚያብለጨልጭ ነጭ ረጩ። ጣሪያው ላይ ማት ነጭ እንዲደረግ ፈጽሞ አልመክርም፤ ሸካራው ገጽ አቧራ ይይዛል፣ አቧራ የያዘ ነጭ ደግሞ ነጭ መሆኑ ይቀራል። የጣሪያውን የውስጥ ልባስ ሲነቅሉት በእሱና በላሜራው መካከል ባዶ አየር ብቻ ስለነበር ስስ ስፖንጅ አስለጠፍኩበት። ስለዚህ በኋላ የተሰማኝ ለውጥ የነጩ ቀለም ብቻ ነው ብዬ አልምልም። በሚያዝያ እዚያው ሚሌ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው 7 ሰዓት ላይ ግን አንድ እጄን ጣሪያው ላይ፣ ሌላውን ኮፈኑ ላይ አሳርፌ ቆጠርኩ። የኮፈኑን ሁለት ሳልል አነሳሁት፤ የጣሪያውን አሥር ከቆጠርኩ በኋላ ያነሳሁት ሰዎች እያዩኝ ስለነበር ነው።

ኮፈኑን ጥቁር አድርጌ የተውኩት በስንፍና አይደለም። ማት ጥቁር በሞቃት አገር አንድ እውነተኛ ጥቅም ካለው እዚያ ላይ ነው። ነጭና የሚያብለጨልጭ ኮፈን የቀጥታውን ፀሐይ መልሶ ዓይን ውስጥ ይተኩሰዋል፤ ከቀትር በኋላ ከሚሌ ወደ ባቲ ስንመለስ ፀሐይ ከፊታችን ስለምትሆን፣ ነጭ በነበረችበት ጊዜ ከአሸዋው ይልቅ የራሷ ኮፈን ነበር የሚያሳውረኝ። የድሮ አውሮፕላኖች ከአብራሪው መስኮት ፊት ያለው አፍንጫቸው ማት ጥቁር የሚቀባው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው ዳትሰን 240ዜድም ቀሪው አካሉ ቀይ ሆኖ ኮፈኑ ግን ማት ጥቁር ነበር። ኮፈኑ ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ከሥሩ ያለው ሞተር ደግሞ በሥራ ላይ ሲሆን ከፀሐይዋ የበለጠ የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ በራዲያተሩ መለኪያ ላይ ያየሁት ለውጥ የለም።

ስለ ጥገናው ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ባጭሩ አድካሚ ነው። ደሴ ላቫጆ ስወስዳት ልጆቹ እንደ ለመዱት ኦሞ በጥብጠው በሻካራ ጨርቅ እየፈተጉ ሊያስደስቱኝ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ወር የቀኝ በሯ መካከል፣ እጅ በብዛት የሚያርፍበት ቦታ፣ ማትነቱ ተፍቆ እንደ ቆዳ ጫማ አብለጨለጨ። አሁን ራሴ በለስላሳ ስፖንጅና በብዙ ውሃ፣ ሳልፈትግ አጥባታለሁ። የናፍጣ መሙያው ሥር የፈሰሰው ናፍጣ ምልክቱን ጥሎ ቀርቷል። የግራር እሾህ ጥቁሩ ላይ የሚተወው መስመር ነጩ ላይ ከሚተወው የበለጠ ይታያል፤ ነጩ ላይ ቢሆን ትንሽ ቀለም በብሩሽ ነካ አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር፣ ማት ላይ ግን የነካካኸው ቦታ ከጭረቱ ይልቅ ይጮኻል። አቧራውም ቢሆን አይታይም የተባለው ተረት ነው፤ ከአፋር ስንመለስ መኪናዋ ጥቁር መሆኗን የሚያውቀው እኔና የእህቴ ልጅ ብቻ ነን።

ሳይታሰብ የመጣው ጉዳት ግን ከደሴ ነው። ቀለምን የሚበላው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በዚህ ጨረር በኩል ብርድ ያለባት ደሴ ከምታቃጥለው ሚሌ ይልቅ ለቀለም ትከፋለች። ጥቁሩ ካርቦን ራሱ ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው እሱን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ነው፤ ሙጫው ሲደርቅና ሲፈረፍር በጣት ሲነኩት የሚነሳ አመድማ ዱቄት ይወጣል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ አመድ አይደበቅም። የሚያብለጨልጭ ቀለም ሲደርስበት በፖሊሽ አንድ ሽፋን ገፎ ማደስ ይቻላል፤ ማት ያንን ዕድል አይሰጥም። ኮፈኗ ላይ ይህ አመድ በዓመቱ ብቅ ማለት ጀምሯል። እኔ የማየው ኮፈኑን በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ አስረጭቶ መቀጠል የሚቻል ነገር እንደሆነ ነው፤ መላውን አካል እንዲሁ ማስረጨት ግን ለሥራ መኪና አያዋጣም። እንደገና የምጀምር ቢሆን ኮፈኑን ብቻ ማት ጥቁር፣ ጣሪያውን ነጭ፣ በሮቹንና ስፖንዳውን ደግሞ የአሸዋ መልክ ባለው፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም አስቀባ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። የመኪና ቀለም ሊብሬ ላይ የተመዘገበ ነገር ስለሆነ ለውጡን ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ እኔ ያስመዘገብኩት ጣሪያው ነጭ ከሆነ በኋላ ነው። መዝጋቢዋ ወጥታ መኪናዋን ዞራ አየቻትና «ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። «ጥቁር» አልኳት። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ተመልሳ ወደ እኔ አየች። «ሙቀቱን አልቻሉትም አይደል?» ብላ «ጥቁርና ነጭ» ብላ ጻፈችው።